አውቶብስ ውስጥ ያነበብኩት ክስ

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ ምክር የሰጠሁት ሰው ምክሬን ተቀብሎ ከተማውን ለቆ ሊሄድ ነበር። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ስትሰሙ ብትስቁብኝ አልቀየምም። ያን ጊዜ እኔ ለመሳቅ ፋታ ስላላገኘሁ፣ ዛሬ እናንተ ብትስቁልኝ ደስ ይለኛል።

የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበርኩ። ስሜ ዳግም ነው። ክፍል ውስጥ ግን "ክቡርነትዎ" እያሉ ነበር የሚጠሩኝ፤ ጥያቄ ስመልስ ሳላስበው ብድግ ብዬ የኮቴን ቁልፍ ስለምቆልፍ። ያለኝ ኮት ደግሞ አንድ ነው፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ እጅጌው የሚያጥረኝ። ተመርቄ የራሴን ቢሮ እንደምከፍት እርግጠኛ ስለነበርኩ ለቢሮው ስም አውጥቼለታለሁ፣ ታፔላውን በስልኬ ላይ ነድፌአለሁ፣ ታፔላው ላይ የአባቴ ስም በሙሉ ይግባ ወይስ በአንድ ፊደል ይጠር በሚለው ላይም ከእናቴ ጋር ተጨቃጭቀን ጨርሰናል። የቀረኝ ደንበኛ ብቻ ነበር።

ትምህርት ቤታችን ወደፊት በራሳቸው አነስተኛ ቢሮ መሥራት የሚፈልጉ ተማሪዎችን መርጦ፣ ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት ወደ ወይዘሮ ሰብለ ይልከን ነበር። ወይዘሮ ሰብለ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ሃያ ዓመት ሙሉ ብቻቸውን የሠሩ ጠበቃ ናቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲቆጡ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ የሚል። ስምንት ሆነን በመጀመሪያው ሐሙስ ስንሄድ፣ ክርክር እንዴት እንደሚረታ ያስተምሩናል ብዬ ጓጉቼ ነበር። ቀጠሮ መዝገብ ላይ ቀጠሮ እንዴት እንደሚጻፍ አስተማሩን። በሁለተኛው ሐሙስ ከአቅም በላይ የሆነን ጉዳይ እንዴት "አልይዝም" እንደሚባል። በሦስተኛው የሰው ዋና ሰነድ እንዴት ሳይጠፋ እንደሚቀመጥ። እኔ ደብተሬ ላይ "ወደ ዋናው ነገር የምንገባው መቼ ነው?" ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

አራተኛው ሐሙስ ዋናው ነገር መጣ።

"ዛሬ ደንበኛ ታነጋግራላችሁ" አሉን። "እውነተኛ ደንበኛ አይደለም፣ አትደንግጡ። ታች ዳማ የሚጫወቱትን አባቶች ለምኜአቸው ነው። ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ገጽ ታሪክ ሰጥቻቸዋለሁ፣ እሱን አጥንተው እንደ ባለጉዳይ ሆነው ይመጣሉ። የእናንተ ሥራ ማነጋገር ነው።"

እሳቸው በትልቁ ክፍል ውስጥ የሌሎቹን ሊከታተሉ ቆዩ። እኔ ትንሿ ክፍል ደረሰችኝ፣ በሯ የሚዘጋው። ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጬ ወንበሩን ከፍ አደረግሁት።

የገቡት ጋሽ ፈለቀ ነበሩ። ስድሳውን ያለፉ፣ ከላምበረት ወደ ደሴ ሠላሳ ዓመት አውቶብስ የነዱ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን ወደ ፊት ጎተት፣ ትንሽ ወደ ኋላ መለስ አደረጉት፤ መሪ የሚጨብጡ ነው የመሰለኝ።

"እንደምን ዋሉ? ምን ልርዳዎ?" አልኩ ድምፄን አወፍሬ።

"እህቴ ከሰሰችኝ" አሉ።

ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። እሳቸውም ቀጠሉ። ቤቱ የአባታቸው ነው፣ እዚሁ ፈረንሳይ። አባታቸው ሲታመሙ ያስታመሙት እሳቸው ናቸው። እህታቸው ታላቅ ናቸው፣ ባል አግብተው እንጦጦ ላይ ከወጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አባታቸው ከማረፋቸው በፊት "ቤቱ የአንተ ነው" ብለዋቸዋል፣ በቃል። አሁን እህታቸው ከሰሱ። ቀጠሮው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ይህን ሲናገሩ ከኮታቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማስታወሻዬ ላይ "ጎበዝ ተዋናይ" ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቱን አየት አደረግሁት። መጥሪያ ነው፣ ክሱም ተያይዟል፣ ክብ ማኅተም አለው። ወይዘሮ ሰብለ ለእኛ ብለው ማኅተም ሁሉ እስከማስቀረጽ መድከማቸው ልቤን ነካው።

"መነጽሬ ተሰብሮብኝ እኔም አላነበብኩትም፤ ቀጠሮውን የነገረኝ ወረቀቱን ያመጣልኝ ሰው ነው። እስቲ አንተ..." አሉ።

"ማንበብ አያስፈልግም፣ ገብቶኛል" አልኩ። የሚያነብ ጠበቃ የማያውቅ ይመስላል ብዬ ነው። ብድግ ብዬ የኮቴን ቁልፍ ቆለፍኩ።

ከዚያ ስለ ቃል ኑዛዜ የማውቀውን ሁሉ አወረድኩባቸው። የቃል ኑዛዜ እንዲህ በቀላሉ እንደማይጸና፣ ምስክር እንደሚያስፈልገው፣ ጊዜ እንደሚያልፍበት፣ አንቀጽ በአንቀጽ። ጋሽ ፈለቀ አንገታቸውን እየደፉ ሄዱ። እኔ ደግሞ አንገታቸውን በደፉ ቁጥር እየረታሁ የመጣሁ መሰለኝ። ማንን እንደምረታ ግን እንጃ።

"ታዲያ ነገ ሄጄ ምን ልበል?"

"ጋሽ ፈለቀ፣ እውነቱን ልንገርዎ" አልኩ። "ጉዳዩ የሞተ ጉዳይ ነው። ነገ ቢቀርቡም ባይቀርቡም የሚለወጥ ነገር የለም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከወዲሁ ጓዜን እሸክፍ ነበር። ገባዎት?"

"ገባኝ ልጄ" አሉ። "እንዲህ ቁርጡን የነገረኝ ሰው የለም። እግዜር ይስጥልኝ።" በሁለት እጃቸው እጄን ጨብጠው ወጡ። ወረቀቱን እዚያው ትተውት ነበር።

ሰዓቴን አየሁ። ከሁሉም ቀድሜ ነበር የጨረስኩት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁላችንም ጨርሰን በትልቁ ክፍል ተሰበሰብን። ወይዘሮ ሰብለ በየተራ ያነጋገርነውን እንድንናገር አደረጉ። ተራዬ ሲደርስ፣ "የእኔ የውርስ ጉዳይ ነበር" ብዬ ጀመርኩ።

"አይደለም፣ የአንተ የአጥር ነው" አሉ። "ለጋሽ ፈለቀ የሰጠኋቸው ጎረቤት አጥር የገፋባቸውን ታሪክ ነው።"

"የአጥር ነገር አላነሱም። እህታቸው ስለ ከሰሷቸው ነው ያወሩኝ። በነገራችን ላይ መጥሪያው በጣም ግሩም ነው፣ ማኅተሙ እውነተኛ ነው የሚመስለው።"

ወይዘሮ ሰብለ እጃቸውን ዘረጉ፣ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ቀኑን አዩ፣ የመዝገብ ቁጥሩን አዩ፣ ማኅተሙን አዩ።

"ዳግም" አሉ፤ ድምፃቸው በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። "እውነተኛ የሚመስለው እውነተኛ ስለሆነ ነው። ሰውየው ነገ ችሎት አላቸው።"

ወንበር ያቀረበልኝ ማን እንደሆነ አላስታውስም።

"ስንት ጥያቄ ጠየቅሃቸው?"

"ሁለት።"

"የትኞቹን?"

"'ምን ልርዳዎ' እና... 'ገባዎት'።"

"ለሁለተኛው ምን አሉ?"

"ገባኝ አሉ።"

"እኔም የፈራሁት እሱን ነው" አሉና ቦርሳቸውን አነሱ።

የጋሽ ፈለቀ ስልክ ዝግ ነበር። ቤታቸው ሩቅ አልነበረም፣ ዳገቱን ትንሽ ወጥቶ ከአንዲት ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው። በሩ ተቆልፎ አገኘነው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሙሉ በእጃቸው ትልቅ ቁልፍ ይዘው ወጡ።

"አሁን ነው የሄደው። ቁልፉን ለእህቴ ስጪልኝ አለኝ። ራዲዮኑን ለእኔ ሰጠኝ። ነገ ማለዳ ደሴ ልጁ ጋ ሊሄድ ነው፣ ዛሬ ላምበረት ጓደኞቹ ጋ ያድራል። ምን ሆነሃል ብለው፣ 'ጠበቃው ቁርጤን ነገረኝ' አለ።" ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ጠበቃው አንተ እንዳትሆን ብቻ።"

ኮቴን አውልቄ ክንዴ ላይ አንጠለጠልኩት።

ወይዘሮ ሰብለ መንገድ ዳር ቆመው ክሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ሁለት ገጽ ነው። ሲጨርሱ ሰጡኝ። አነበብኩት። የመጨረሻዋን አንቀጽ ሳነብ ዓይኔን ማመን ስላቃተኝ ደገምኳት። ምን እንደምትል ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ ያኔ እኔም መታገስ ነበረብኝ።

"አሁኑኑ ላምበረት እንሂድ" አልኩ። "ስህተት ነው እላቸዋለሁ።"

"ላምበረት ስንት ማደሪያ እንዳለ ታውቃለህ? ደግሞስ ብናገኛቸው፣ አንተን ለምን ያምኑሃል? እኔንስ? ቅድም በተሳሳተው አፍ አሁን ትክክለኛውን ብትነግራቸው ትክክለኛነቱን በምን ያውቃሉ?" የመኪናቸውን በር ከፈቱ። "ነገ ችሎት ባይቀርቡ ጉዳዩ በሌሉበት ሊታይ ይችላል፤ እሱ የሚቃናበት መንገድ አለው። እህቴ ከአባቴ ቤት አባረረችኝ ብለው አምነው ከሄዱ ግን የሚያቃናው ችሎት እኔ አላውቅም። እንጦጦ ነው የምንሄደው።"

መኪናቸው ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ናት። ዳገቱን እያቃሰተች ወጥታ ባሕር ዛፉ መሃል ስትደርስ ጨርሳ ሞቀች። ቀሪውን በእግር ሄድን። በመንገድ ላይ ወይዘሮ ሰብለ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገሩት፦ "በሩ ሲዘጋ ማየት ነበረብኝ። የእኔም ጥፋት አለበት።" ይህን ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር። ቢቆጡኝ ቀላል ነው።

የጋሽ ፈለቀ እህት እትዬ በላይነሽ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ታጥቀው ድንች ይቆፍሩ ነበር። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፣ ቁመታቸው ግን ገና አልጎበጠም። እኔን ሲያዩ መቆፈሪያቸውን ተደገፉ።

"ኮት የያዘ ሰው እዚህ የሚመጣው መሬት ሊለካ ነው። ማሳዬ ይቺው ናት፣ ለካና ሂድ።"

ወይዘሮ ሰብለ ወደ እኔ ዞር አሉ። "ንገራቸው" ማለታቸው ነው። ነገርኳቸው። ምንም ሳልቀንስ፣ "ጓዝዎን ይሸክፉ" ያልኩትን ጭምር። እትዬ በላይነሽ ሲሰሙ ቆይተው፣ አንድ ጆንያ ድንች አንስተው ትከሻዬ ላይ ጫኑት።

"ቤት ድረስ ተሸከመው። ቆመህ ከምታወራ ይሻላል።"

እየተሸከምኩ ተከተልኳቸው። ደጃቸው ላይ ሳወርደው፣ "ይቅርታ እትዬ፣ ግን ለምን ከሰሷቸው?" ብዬ ጠየቅሁ። በዚያ ቀን የጠየቅሁት የመጀመሪያው እውነተኛ ጥያቄ ነው።

"ምን ላድርግ?" አሉ። "የቤቱ ካርታ አሁንም በአባቴ ስም ነው። ወደ ሁለታችን ይዙር፣ አንዳችን ብንሞት ለልጆቻችን ጣጣ እንዳይሆን ብዬ ሽማግሌ ብልክበት 'ታሟል' በሉ ብሎ ተደበቀ። ሁለተኛ ብልክ በጓሮ ወጣ። ስደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ ቻርጅ የሚያደርገው ለዓመት በዓል ብቻ ነው። ወረቀት ሲባል ልቡ ይሸበራል። ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ክስ ከሆነ መቅረቡ አይቀርም አለኝ። እኔም ቢያንስ ችሎት ፊት አየዋለሁ ብዬ ነው።"

"ሊያገኟቸው ብለው ነው የከሰሷቸው?"

"ዓመት ሆነኝ እኮ ካየሁት።" ፊታቸውን አዞሩ። "እስቲ እዚያ ላይ ያለውን አንብብልኝ። ጸሐፊው ያልኩትን መጻፉን አንድም ቀን አላረጋገጥኩም።"

አነበብኩላቸው። በዚህ ጊዜ አንድም ቃል አልዘለልኩም። ስጨርስ ወደ ቤት ገብተው ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። "እንሂድ" አሉ። "እሱን ከአውቶብስ የሚያወርደው እኔ ብቻ ነኝ።"

በዚያ ምሽት እትዬ በላይነሽ ወይዘሮ ሙሉ ቤት አደሩ። እኔ ቤቴ አደርኩ ማለት ይከብዳል፣ ጋደም አልኩ እንበል። ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስታችንም ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ነበርን።

መናኸሪያውን በዚያ ሰዓት ያየ ያውቀዋል። ሻንጣ በሰው ራስ ላይ ይሄዳል፣ "ደሴ! ኮምቦልቻ!" የሚል ድምፅ ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል፣ ማን ማንን እንደሚገፋ አይታወቅም። ጋሽ ፈለቀን ስጠይቅ ሁሉም ያውቃቸዋል፣ ማንም ግን የት እንዳሉ አይነግረኝም። አንድ ረዳት ኮቴን አይቶ፣ "ጋሼን ምን አደረጉህ? ከየት ነህ አንተ?" ብሎ ደረቱን ነፋብኝ። ኮቱን ለብሼው መሄዴ ስህተት ነበር። ያ ኮት በሁለት ቀን ውስጥ ጠበቃም፣ መሬት ለኪም፣ ፖሊስም አደረገኝ።

እትዬ በላይነሽ ግን ማንንም አልጠየቁም። ከአውቶብስ ወደ አውቶብስ እያዩ ሄደው፣ ሞተሩ ከተነሳው ፊት ቆሙ። "ያውና!" አሉ። ጋሽ ፈለቀ ከሹፌሩ ኋላ በመጀመሪያው መቀመጫ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እትዬ በላይነሽ ረዳቱን በክርናቸው ገፋ አድርገው ገቡ። እኔና ወይዘሮ ሰብለ ተከተልን።

"ፈለቀ!"

ጋሽ ፈለቀ ሲያዩአቸው ተነስተው ቆሙ፣ እንደ ትንሽ ልጅ። "እትዬ... ቁልፉን ለሙሉ ሰጥቻታለሁ። ቤቱን ለቅቄልሻለሁ። ምን ቀረ?"

"ማን ልቀቅ አለህ?"

"ጠበቃው።" በእኔ ላይ ዓይናቸው አረፈ። "ይኸው፣ ይዘሽው መጥተሽ የለ። የአንቺ ጠበቃ ነበር ለካ!"

"የማንም ጠበቃ አይደለም" አሉ እትዬ በላይነሽ። "ተማሪ ነው።"

ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከኋላ ያለች ቅርጫት የያዘች ሴት፣ "ምንድን ነው ነገሩ?" አለች። "እህቱ ከቤት አባራው ነው" አለ አንዱ። "ኧረ እሷ ናት የመጣችው" አለ ሌላው። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየ፣ "ጋሼ፣ እንውጣ እንጂ፣ መስመር ሊዘጋብኝ ነው" ይላል።

ወይዘሮ ሰብለ ጆሮዬ ሥር፣ "ወረቀቱን አንብብ" አሉኝ። "እዚሁ?" "እዚሁ።"

"ጋሽ ፈለቀ" አልኩ። ድምፄ ማወፈሩን ረስቶት ነበር። "ትናንት ተሳስቻለሁ። የእውነት ባለጉዳይ መሆንዎን አላወቅሁም፤ ባውቅም ኖሮ ያልኩት ልክ አልነበረም። ይህን ወረቀት ሳላነብ ነው የተናገርኩት። አሁን ላንብብልዎ። ከዚያ መሄድ ከፈለጉ ቦርሳዎን እኔ እይዛለሁ።"

"አንብበው፣ እኛም እንስማ!" አለች ባለ ቅርጫቷ።

በሁለቱ መቀመጫዎች መሃል ቆሜ አነበብኩ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ውጭ "ደሴ! ደሴ!" ይባላል፣ እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የሕግ ሰነድ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከሳሽና ተከሳሽ የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን፣ ቤቱ በሟች ስም መሆኑን፣ ወራሾቹ ሁለቱ መሆናቸው ታውቆ ቤቱ በሁለቱም ስም እንዲዞር መጠየቁን አነበብኩ። ወደ መጨረሻዋ አንቀጽ ስደርስ ቀስ አልኩ።

"'ወንድሜ አባታችንን ያስታመመው እሱ በመሆኑ፣ በሕይወት እስካለ ድረስ በቤቱ ውስጥ እንዲኖር እንጂ ከቤቱ እንዲወጣልኝ አልጠይቅም።'"

"ድገመው" አሉ ጋሽ ፈለቀ።

ደገምኩት።

"እሷን እኔ ነኝ ያስጻፍኳት" አሉ እትዬ በላይነሽ። "ጸሐፊው 'ይቺ ለክስ አታስፈልግም' ብሎኝ ነበር። አንተ ምን ታስፈልግሃለች፣ ጻፍ ብቻ አልኩት።"

ጋሽ ፈለቀ ተመልሰው ተቀመጡ። ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እትዬ በላይነሽ አጠገባቸው ቆመው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ የሚስተካከል ነገር ግን የለውም። በመጨረሻ ሹፌሩ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ እኔ ጭነት እንጂ ልቅሶ ደሴ አላደርስም፤ ይውረዱልኝ" አለና ሁሉም ሳቀ። ሴትዮዋ ቅርጫቷን አስቀምጣ እልል አለች። ቦርሳቸውን ያወረደው ያ ደረቱን የነፋብኝ ረዳት ነው።

መሬት ላይ ስንቆም ጋሽ ፈለቀ ወደ እኔ ዞሩ።

"ለመሆኑ መንጃ ፈቃድ አለህ?"

"ማለት... የጥብቅና? ገና ነኝ ጋሽ ፈለቀ።"

"መንጃ ፈቃድ ሳይኖርህ ነው እኔን ጭነህ ገደል አፋፍ ያደረስከኝ!" ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። "እኔም እኮ ጥፋት አለብኝ። እህቴ ከሰሰችኝ ማለት አፈርኩ። ሃምሳ ዓመት ከማውቃቸው ሰዎች ጋር ነው ዳማ የምጫወተው፣ ለማን ልናገር? ቴአትር ነው ሲሉኝ ጊዜ፣ እንግዲያው እንደ ቴአትር አድርጌ ልናገረውና የሚሉኝን ልስማ ብዬ ነው።"

ይህን ስሰማ ትናንት ወንበሩን ሲጎትቱ፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ "እስቲ አንተ..." ብለው ሲያቋርጡ እንደ አዲስ አየሁት። ሁሉም ነገር ፊት ለፊቴ ነበር። እኔ የማየው ራሴን ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ችሎት ገባን። እኔ መናገር ስለማልችል ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ዝም ማለት የተመቸኝ ቀን የለም። ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበሩ።

"ተከሳሽ፣ መልስዎን አዘጋጅተዋል?"

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ክሱን የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው። አውቶብስ ውስጥ።"

ዳኛዋ ብዕራቸውን አቆሙ። "መጥሪያው ከደረሰዎ ወር አልፎታል።"

"መድረስስ ደርሶኛል። የሰማሁት ግን ዛሬ ነው።"

እትዬ በላይነሽ ሳይፈቀድላቸው ተነስተው፣ "ታርቀናል" አሉ። ዳኛዋ ሊቆጡ አስበው ተዉት። ስምምነታቸውን በጽሑፍ አዘጋጅተው እንዲያቀርቡ ቀጠሮ ተሰጠ። ጽሑፉን የማርቀቁን ሥራ ወይዘሮ ሰብለ ለእኔ ሰጡኝ። ሰባት ጊዜ አስጽፈው ሰባት ጊዜ ቀደዱት። በስምንተኛው ጋሽ ፈለቀና እትዬ በላይነሽ ፊት እንዳነበው አደረጉኝ። እትዬ በላይነሽ "ይቺ ቃል ምን ማለት ናት?" ባሉኝ ቁጥር ያቺን ቃል አውጥቼ ሰዎች የሚናገሩትን አስገባሁ። ስምምነቱ ሲጸድቅ ከአንድ ገጽ ብዙም አያልፍም ነበር።

ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ የራሴ ቢሮ አለኝ፤ አንድ ክፍል ናት። ታፔላዋ ትንሽ ናት፣ ስሜንና ሥራዬን ብቻ ነው የምትለው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ከወይዘሮ ሰብለ ጋር ተማሪዎችን እናስተምራለን። ጋሽ ፈለቀም ይመጣሉ፣ ባለጉዳይ ሆነው ይጫወታሉ፤ እርግጥ እስከ ዛሬ አንድም ቀን የተሰጣቸውን ታሪክ እንደተጻፈው ተናግረው አያውቁም። ተማሪዎቹ ላይ ሆን ብለው ይጨምሩባቸዋል፣ ያምታቱባቸዋል፣ መጨረሻ ላይም "መንጃ ፈቃድ አለህ?" ይላሉ።

አንተ ወይም አንቺ፣ ይህን የምታነብቡ የሕግ ተማሪዎች፣ የራሳችሁን ቢሮ ለመክፈት ካሰባችሁ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ይነግራችኋል። ስለ ቦታ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ታፔላ። ሁሉንም ስሙ። በትልልቅ ቢሮዎች ውስጥ አንዱ ሲሳሳት ከጎኑ የሚያርመው አለ። ብቻችሁን ስትቀመጡ ግን ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው የሚሰማው የእናንተን ድምፅ ብቻ ነው፣ የምትሉትንም ያምናችኋል። እኔ ያን ቀን ጎበዝ መሆኔን ላሳይ ስል የሰው ቤት ልበትን ነበር። ያዳነኝ ጉብዝናዬ አይደለም። ሽማግሌ ሸሽቶ የሚደበቅ ወንድሟን ለማየት ስትል ክስ የመሠረተች እህት ናት።

ባለፈው ሳምንት ከቀበና አንዲት እናት ወደ ቢሮዬ መጡ። ከቦርሳቸው ያልተከፈተ ፖስታ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ፣ እጃቸውን ግን ከላዩ አላነሱም። ሁለት ሳምንት ሆኖታል፣ ለመክፈት ፈርተው ነው። የፍርድ ቤት ማኅተም አለበት። ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም።

"ልክፈተው?" አልኳቸው። እጃቸውን አነሱ።

ከፍቼ ጮክ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። መንገድ ላይ መኪና ከመኪና ሲጋጭ በማየታቸው ለምስክርነት ተጠርተው ነው።

"ተከሳሽ አይደለሁም?"

"አይደሉም። ያዩትን መናገር ብቻ ነው።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ መርቀውኝ፣ ፖስታውን ይዘው ወጡ። ጥግ ላይ ተቀምጣ ስታይ የነበረች አንዲት ተማሪ አለች፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ አንቀጽ በቃሏ ትወጣለች። መዝገቡን ከፍታ ብዕሯን ይዛ ግራ ተጋባች።

"የሠራነውን ሥራ ምን ብዬ ልጻፈው?" አለችኝ።

"አነበብንላቸው፣ ብለሽ ጻፊ" አልኳት።